በካርቶን ውስጥ ያሉ አምስት ድንጋዮች

የዛሬው ንባባችን ስለ ድንጋይ ነው። “ድንጋይ ደግሞ ምን ይነበባል?” ትሉ ይሆናል። ቆዩኝ።

ከአልጋዬ ሥር አንዲት የሳሙና ካርቶን አለች። በውስጧ አምስት ድንጋዮች አሉ። እያንዳንዱ በወረቀት ተጠቅልሏል። በወረቀቱ ላይ ስሙና የተነሣበት ቦታ ተጽፏል። ቦታው ያልተጻፈበት ድንጋይ አገሩን እንደማይናገር እንግዳ ነው። ቢያምርም አይታመንም።

እኔ በዩኒቨርሲቲ የምማረው ስለ መሬትና ስለ ድንጋይ ነው። በክረምት ደግሞ ከዓለም ከተማ ወጣ ባለች መንደር ፊደል አስተምራለሁ። የምንማረው በበዓል ቀን ነው። በበዓል ሞፈር አይያዝምና። ተማሪዎቼ ካርቶኗን ያዩ ዕለት በጣም ሳቁ። “ድንጋይ ይዞ መርሐቤቴ መምጣት ማለት ውሃ ቀድቶ ወደ ጀማ መውረድ ነው” አሉኝ አንድ አባት። እውነታቸውን ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ዓለም ከተማ የሚመጣ መንገደኛ ሙከ ጡሪ ላይ ከትልቁ መንገድ ይገነጠላል። እስከ ለሚ ድረስ አገሩ ሜዳ ነው። ለሚን ሲያልፍ ግን መሬቱ ድንገት ይቆረጣል። ከሥር የጀማ በረሃ ይታያል። አውቶቡሱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ብርዱ ይቀራል፤ ሙቀቱ ይመጣል። ጋቢ የለበሰ ሁሉ ጋቢውን ያወልቃል። ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ እንደገና ወደ ዓለም ከተማ ሽቅብ ነው።

በዚህ ቁልቁለት ዓይኑን የሚጨፍን መንገደኛ ብዙ ነው። እኔ ግን ቀድሜ መስኮት ዳር እይዛለሁ። ገደሉ ድርብርብ ስለ ሆነ ነው። እንጀራ በሞሰብ እንደሚደራረብ ድንጋዩም ተደራርቧል። ከላይ ጥቁር ድንጋይ አለ። ከእሱ ሥር አሸዋ ድንጋይ ይገኛል። ከዚያ በታች ኖራ ድንጋይ አለ። በሞሰብ ውስጥ መጀመሪያ የተጋገረው እንጀራ የታችኛው ነው አይደል? ድንጋዩም እንዲሁ ነው። የታችኛው የጥንቱ ነው።

አሁን ካርቶኗን ልክፈትላችሁ።

በጣም ትንሿ ድንጋይ ከጎረቤታችን ከመንዝ የመጣች ናት። ኦፓል ትባላለች። ጌጥ የሚሠራባት ድንጋይ ናት። በመንዝና ግሼ በኩል ኦፓል መኖሩ የታወቀው በ1980ዎቹ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በወሎ፥ በወገል ጤና አካባቢ ሌላ ኦፓል ተገኘ። ዛሬ በዓለም ገበያ ስሙ የገነነው የወገል ጤናው ነው። የመንዙ ብዙውን ጊዜ መልኩ ቡናማ ነው። ወደ ብርሃን ሲያዞሩት ቀይና አረንጓዴ ይፈነጥቃል፤ ልክ እንደ ቀስተ ደመና። ነገር ግን ኦፓል በውስጡ ጥቂት ውሃ አለበት። ከመሬት ወጥቶ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ አለ። የመንዙ በተለይ በዚህ ይታማል። የእኔዋም ተሰንጥቃለች። ጓደኛዬ በነጻ የሰጠኝ ለዚህ ነው። ባትሰነጠቅ ኖሮ ባልሰጠኝ!

ነጯ ድንጋይ ጀሶ ናት። ይህቺ የመጣችው ከዓባይ በረሃ፥ ከጎሐ ጽዮን በታች ካለው ቁልቁለት ነው። ጀማም ቢሆን መጨረሻው ዓባይ ነውና ዘመዳችን ናት። ጀሶ ለስላሳ ነው። በጥፍር ይፋቃል። የጥንት ባሕር ውሃው ሲተን፥ ጨው እንደሚቀር ሁሉ ጀሶም ይቀራል። የተሰበረ እግር በሐኪም ቤት የሚታሰረው በጀሶ ነው። ጠመኔም ከጀሶ ይሠራል። አንድ ቀን ጠመኔ አለቀብን። እኔም ድንጋዩን ራሱን አነሣሁና በሰሌዳው ላይ “ሀ” ብዬ ጻፍኩ። ጻፈ! ሰሌዳውንም ጫረው። ጭረቱ እስከ ዛሬ አለ።

ሦስተኛው አሸዋ ድንጋይ ነው። ስለ እሱ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ማጭድ የምትስሉበት ነው። ዝናብ ይሰርግበታል፤ ከሥሩም ምንጭ ሆኖ ይወጣል።

ሁለቱ የቀሩት ድንጋዮች የአንዲት እናት ናቸው።

እኒህ እናት ተማሪዬ ናቸው። ዕድሜያቸው ከ50 ያልፋል። በሐምሌ ገብርኤል ዕለት አንድ ድንጋይ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። ልጃቸው በጀማ በረሃ ፍየል ሲጠብቅ ያገኘው ነው። ፈትተው ሰጡኝ። ኖራ ድንጋይ ነው። በላዩ ዛጎል ተቀርጿል። ሰው የቀረጸው አይደለም፤ ዛጎሉ ራሱ ድንጋይ ሆኖ የቀረ ነው።

“መምህር፥ ይኸ ከጥፋት ውሃ የተረፈ ነው። አባቴ ነግሮኛል” አሉኝ።

እኔም ቸኮልኩ። “ይኸ ተረት ነው” አልኩ፤ ያውም በሰው ፊት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሳቸው ዝም ብለው ተቀመጡ።

በማርያም አልመጡም። በመድኃኔ ዓለምም አልመጡም። ስማቸውን ለመጻፍ የቀሯቸው ሁለት ፊደሎች ብቻ ነበሩ። ባዶ ቦታቸውን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይረበሽ ጀመር። ከተማሪ ሁሉ ቀድመው የሚመጡት እሳቸው ነበሩ እኮ።

ነሐሴ መባቻ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ወደ ቤታቸው ወጣሁ። ደጃፋቸው ስደርስ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወፍጮ ይወቅሩ ነበር። በክረምት ወንዙ ስለሚሞላ ወደ ከተማው ወፍጮ መሻገር አይቻልም። ሽሮና ብቅሉ በእጅ ይፈጫል።

“እማማ፥ አጥፍቻለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ” አልኩ።

“ተቀመጥ ልጄ” አሉና መውቀራቸውን ቀጠሉ። ከቆይታ በኋላ፥ “ለወፍጮ ለምን ጥቁር ድንጋይ እንደሚመረጥ በትምህርትህ ነግረውሃል?” ብለው ጠየቁኝ።

አልነገሩኝም። እውነቱን ተናገርኩ።

“አሸዋ ድንጋይ ዱቄቱ ላይ አሸዋ ይጥላል፤ ጥርስ ያስቸግራል። ኖራው ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ያልቃል። ይኸኛው ግን ዓይን አለው። የላይኛው ዓይን ቢያልቅ ከሥሩ ሌላ ዓይን ይወጣል” አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ድንጋዩ በእርግጥም እንደ እንጀራ ዓይን አለው። ይህን ዓይን በመጽሐፍ ተምሬዋለሁ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሬት ተሰነጠቀች። የቀለጠ ድንጋይ እንደ ሊጥ ወጥቶ ደጋውን አለበሰ። በውስጡ የነበረው አየር መውጫ አጥቶ ድንጋዩ ደረቀ። ዓይኑ የአየሩ ቦታ ነው። ወፍጮ የሚሆነው በዚህ ዓይን ምክንያት መሆኑን ግን ከእሳቸው ሰማሁ።

ይህን ስነግራቸው፥ “ሚሊዮን ስንት ነው?” አሉ።

“ሺህ ጊዜ ሺህ ነው። 1 ብለው ስድስት ዜሮ ይጨምራሉ፤ 1,000,000።”

“ዛጎሉስ?”

“እሱ ከዚህም ይቀድማል። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ያን ጊዜ ይህ አገር በባሕር ሥር ነበር። ዛጎሉ በባሕሩ ውስጥ ይኖር የነበረ እንስሳ ቤት ነው። ሲሞት ጭቃ ለበሰው። ጭቃው ድንጋይ ሆነ። በኋላ መሬቱ ከፍ አለ፤ ጀማም ቆርጦ አወጣው።”

“ውሃ ነበር ማለት ነዋ!”

“ነበር።”

“አባቴም ያለው ይኸንኑ ነው” አሉ። ፈገግም አሉ።

ዘመኑ አይገናኝም፤ እሱን አልደበቅኋቸውም። ነገር ግን በገደል ላይ የተገኘ ዛጎል የውሃ ምስክር መሆኑን አባታቸው ፊደል ሳይቆጥሩ አስተውለዋል። እኔ ተረት ያልኩት ይህን አስተውሎት ጭምር ነበር። የቀሯቸውን ሁለት ፊደሎች እዚያው በከሰል በወፍጮው ጠርዝ ላይ ጻፍኩላቸው። ስወጣ ከወፍጮው የረገፈ ስባሪ ሰጡኝ።

በነሐሴ ሚካኤል መጡ። የተቀመጡት ግን ከኋላ ነው። እኔም ዛጎሉን፥ የወፍጮውን ስባሪና አንድ ሎሚ ይዤ ቀረብኩ። የዛጎሉን ድንጋይ ጀርባ በምስማር ፋቅሁና በዱቄቱ ላይ ሎሚ ጨመቅሁ። ጥቃቅን አረፋ አወጣ። “ድንጋይ ፈላ!” ብለው ከኋላ ያሉት ሁሉ ተነሥተው መጡ። በጥቁሩ ላይ ስንጨምቅ ምንም የለም። ኖራ ድንጋይ የሚለየው በዚህ ነው። ለግድግዳ የምንቀባው ኖራ ይህ ድንጋይ ተቃጥሎ የሚገኝ ነው። ሲሚንቶም ሲሠራ ዋናው ነገር እሱ ነው።

ትምህርቱ ሲያበቃ እኒያ እናት ድንጋዩ የሚጠቀለልበትን ወረቀት ጠየቁኝ። እርሳስ ተቀበሉ። እያንዳንዱን ፊደል በአፋቸው እየጠሩ ጻፉ፤ ብዙ ደቂቃ ፈጀባቸው። “ዛጉል። ከጀማ” ይላል። ከሥሩ ስማቸው አለ፤ ሙሉ ስማቸው፥ ከነአባታቸው።

“ጉ” ሳይሆን “ጎ” ነበር። አላረምኩትም። ድንጋዩ አሁንም በዚያ ወረቀት እንደ ተጠቀለለ ነው።