ከግሩፑ ተነጥሎ ደባርቅ

ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የጉብኝት ግሩፕ ጎንደር ሲመጣ ፕሮግራሙ ያው የታወቀ ነው። ጠዋት ፋሲል ግቢ፣ ቀጥሎ የፋሲል ጥምቀተ ባሕር፣ ከሰዓት ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ከዚያ ሆቴል። በማግስቱ በአውሮፕላን ላሊበላ። የእኛ ሰፈር ቁስቋም "ሰዓት ከተረፈ" የሚባልለት ቦታ ነው፤ አይተርፍም። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ግቢ፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ የተቀመጠበት ሰፈር እኮ ነው! ይሁን፣ ዛሬ ስለ ቁስቋም አላማርርም።

በ2011 ዓ.ም. ጥር፣ ጥምቀት አልፎ ከተማው ረጭ ሲል፣ ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማርኩት ልጅ ከሜሪላንድ ደወለልኝ። ከባለቤቱ ጋር በግሩፕ እየመጡ ነው። "ቲቸር፣ ፕሮግራሙ ላይ የሰሜን ተራሮች የለም። ያችን አንዷን የጎንደር ቀን ለቀን ብንጠቀምባትስ?" አለኝ። ባለቤቱ ተወልዳ ያደገችው እዚያው አሜሪካ ነው፤ ጭላዳና ዋልያ ሳታይ እንዳትመለስ ፈልጓል።

የጉብኝት ድርጅቱ ሰው አልከለከለም። ግን ቁርጡን ነገራቸው። ገንዘቡ አይመለስም፤ መንገድ ላይ ቢቀሩ የላሊበላው በረራ አይጠብቃቸውም፤ አዲስ ትኬት በራሳቸው ነው። እውነቱን ነው፣ ምን ይበል?

እንግዲህ በእኔ በኩል የሆነውን ልንገራችሁ። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አስፋልት ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያው ደባርቅ ነው፤ መግቢያ ተከፍሎ ደረሰኝ ሳይያዝ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ሳይሳፈር ወደ ውስጥ መግባት የለም። አስጎብኚዎቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው። እኔ ደባርቅ የሚያስተምር ጓደኛ አለኝና በእሱ በኩል ከሳምንት በፊት ከአንድ አስጎብኚ ጋር ተነጋገርን። መኪናውን ኮንትራት የያዝኩት ከፒያሳ ነው፣ ሹፌሩ መንገዱን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ። ከደባርቅ በኋላ ኮረኮንች ስለሆነ በትንሽ መኪና አይሞከርም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ የያዝኩት ሰዓቱን ነው። እኛ "አንድ ሰዓት" ስንል ፈረንጁ "ሰባት" ይላል፤ ትኬት ላይ ያለው ደግሞ የፈረንጁ ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጽፌ አንዱን ለልጁ፣ አንዱን ለሹፌሩ ሰጠሁ። ከታች ደግሞ በቀይ "ከቀኑ 6፡30 ላይ የትም ብንሆን እንመለሳለን" የሚል አለ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጣን። ደባርቅ ሻይና ዳቦ፣ ክፍያ፣ ጋሼ ስካውቱን ከኋላ ወንበር፣ ጉዞ። ቡይት ራስ ስንደርስ ጭላዶቹ መንገድ ዳር ሣር እየነጩ ነው፤ በመቶ የሚቆጠሩ! ልጅቷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔ ስንት ዓመት ሳያቸው አልቅሼ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን ትንሽ ሆድ ባሰኝ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ አገር የለውም። እኛ ለምደነው ነው።

ሳንቃበር ላይ የያዙት የድንች ችፕስ ከረጢት እንደ ኳስ ተነፋ። ተማሪዬ አነሳና "ቲቸር፣ ቦይል!" አለኝ። ከአሥር ዓመት በኋላ! ደመወዜን ያን ቀን ተቀበልኩ በሉት።

ጨነቅ ደረስን፣ 3,620 ሜትር። ጅብራው ቆሟል፣ ብርዱ ይቆነጥጣል። ዋልያ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከዚያ ወደ ቧሂት በሚያወጣው ዳገት በኩል ነው። ጥቂት እንደተራመድን ልጅቷ ቆመች። ራሷን አመማት፣ አቅለሸለሻት፣ ከንፈሯ ነጣ። ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ካላለ አገር የመጣ ሰው ነው፤ ጨነቅ ላይ ያለው የአየር ግፊት ደግሞ ከባሕር ዳርቻው ሁለት ሦስተኛ አይሞላም። አስጎብኚው ዓይኗን አየና "በቃ፣ እንውረድ" አለ።

ተማሪዬ ለመነው። "ግማሽ ሰዓት ብቻ፣ እሷ መኪና ውስጥ ትረፍ፣ ሰዓቱም ገና ነው" አለ። እውነትም ገና 6 ሰዓት ከሩብ ነበር። ጉርሻም ጨምሮ አሳየው። ልጁ ንቅንቅ አላለም። "ወንድሜ፣ ዋልያው ነገም እዚሁ ነው። እሷ ግን አሁኑኑ መውረድ አለባት" አለው። ጋሼ ስካውቱም መሣሪያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ወደ መኪናው ቀደሙን። ክርክሩ በዚያው አለቀ።

ዋልያ ሳናይ ተመለስን። ሳንቃበር ስንደርስ ቀለላት፣ ደባርቅ ላይ ሽሮ በላች። ከመሸ በፊት ጎንደር ገባን፣ በማግስቱ ላሊበላ ሄዱ።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ባለፈው ወር የላከልኝ ቪዲዮ ነው። ባልና ሚስት ካሪቢያን ባሕር ውስጥ፣ ኮዙሜል የምትባል የሜክሲኮ ደሴት አጠገብ፣ ሲሊንደር አዝለው ከዓሣ መሐል ይንሳፈፋሉ። መገጭን ከጉልበቱ በላይ ገብቶ የማያውቅ ልጅ! መርከቡ እዚያ የሚቆመው ለአንድ ቀን ነው። መርከቡ ራሱ የሚሸጠው የስኩባ ፕሮግራም አለው፤ ዋጋው ከበድ ይላል፣ ሰው ይበዛል፣ ግን ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል። በራስህ ከደሴቷ ጠላቂዎች ጋር ከተነጋገርክ ጀልባዋ ትንሽ፣ ብሩም በቀጥታ እነሱ እጅ ይገባል፤ ካረፈድክ ግን መርከቡ ጥሎህ ይሄዳል። የመርከቡ ሰዓትና የደሴቷ ሰዓት ደግሞ አንዳንዴ ይለያያል። "ቲቸር፣ ወረቀቱን ጻፍኩ፣ ሁለቱንም ሰዓት፣ በቀይ ጭምር" አለኝ። ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም።

ጠላቂ መሆናቸውን የሚያሳይ ካርድ ካላሳዩ ጀልባ ላይ አይወጡም አሉ። ከውሃው 10 ሜትር በወረዱ ቁጥር አንድ ሙሉ የአየር ግፊት ይጨመርባቸዋል። ደጋግሞ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ይቆያል፤ ደም ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ልክ ለስላሳ ሲከፈት እንደሚፈላው ይሆናልና። ሰሜን ተራሮች ላይ መውጣትም በዚህ በኩል ከአውሮፕላን አይለይም። ይህን ለዘንድሮ ተማሪዎቼ አስተማርኩበት፤ ከመጽሐፉ ምሳሌ ይሻላል።

ብዙዎቻችሁ "እኛም ስንመጣ እንዲህ አዘጋጅልን" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። መጀመሪያ መንገዱ ሰላም ይሁን። መኪናና አስጎብኚ መፈለግ ቀላሉ ነው። ኮሮና፣ ቀጥሎ ጦርነቱ፣ ቀጥሎ ደግሞ የምታውቁት ሁሉ፣ ደባርቅ ላይ በቱሪስት የሚኖረውን ሰው ምን እንዳደረገው እዚህ ያለን እናውቀዋለን። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆነ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገባ፣ በ2017 ወጣ፤ ያኔ ሁላችንም ጨፍረን ነበር።

የዚያን አስጎብኚ ስልክ አልጣልኩትም። ባለፈው እሑድ ደወልኩለት፣ ድንች ሲቆፍር ነው ያነሳው። "ያች ራሷን ያመማት እህታችን ደህና ናት?" አለኝ መጀመሪያ። ባሕር ውስጥ እየጠለቀች ነው አልኩት። ትንሽ ዝም አለና፣

"እዚያስ በቃሽ የሚላት ሰው አለ?" አለኝ።