ስለ ፈረቃ ትምህርትና ስለ ቀሪው እኩሌታ ቀን

ቤት ለቤተ ሰቡ ሲጠበው ወይ ያሰፉታል፤ ወይም በተራ ይገለገሉበታል። ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። አዲስ ክፍል ለመሥራት ቦታና ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ቀኑን ለሁለት ለመክፈል ግን ደወል ይበቃል። ስለዚህ የተማሪው ቍጥር ከመቀመጫው ሲበልጥ አንዱ ወገን ጧት፥ ሌላው ከቀትር በኋላ እንዲማር ይደረጋል፤ ይህም ፈረቃ ይባላል።

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ያለችው ጉለሌ ለትምህርት እንግዳ አይደለችም። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው በዚሁ ወገን ነው። በዚያ ዘመን ልጁን ለአዲሱ ትምህርት ደፍሮ የሚሰጥ ወላጅ ጥቂት ነበረ። በኋላ ግን ነገሩ ተገላበጠና ልጁ በዝቶ መቀመጫው አነሰ። በኢትዮጵያ ለአንድ ክፍል የተወሰነው ልክ ለአንደኛ ደረጃ 50፥ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ቢሆንም፥ በብዙ ስፍራ ከዚህ ልክ ስላለፈ ፈረቃ ለአዲስ አበባ ልጆች የረዥም ዘመን ልማድ ሆኖ ኖረ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ስለ ኮሮና በሽታ የተዘጉት ትምህርት ቤቶች በ2013 ዓ.ም. ሲከፈቱም፥ ተማሪዎቹን አራርቆ ለማስቀመጥ የተገኘው መላ ይኸው መፈራረቅ ነበረ።

ፈረቃ መቀመጫውን በትክክል ያካፍላል፤ ቀሪውን እኩሌታ ቀን ግን አያካፍልም። ይህን ለመረዳት ወደ ሽሮ ሜዳ መውጣት ይበቃል። መጽሐፍና አስጠኚ ያለው ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ይገባል። የሸማኔው ልጅ ግን ደብተሩን አስቀምጦ ማግ በቀሰም ያጠነጥናል፤ ከፍ ሲልም ከሸማኔው ዕቃ ጕድጓድ ገብቶ ይሠራል። እናቷ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትሸጥ ልጅ ደግሞ ታናናሾቿን ትጠብቃለች። ሁሉም በአንድ ሰዓት ከአንድ መምህር ተምረው፥ በዓመቱ መጨረሻ ተራርቀው ይገኛሉ።

ስለዚህ ፈረቃ ፈጽሞ ይቅር የሚል ሰው ይነሣ ይሆናል፤ ነገር ግን ቸኵሎ መፍረድ አይገባም። ቀኑን ሙሉ ይማር ቢባል፥ የልጁን እጅ የሚሻ ድኻ አባት ጨርሶ ሊያስቀረው ይችላል። ለእንዲህ ያለው ልጅ እኩሌታው ቀን ወደ ትምህርት የገባበት በር ነው።

በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ ደግሞ በቀን ፋንታ ዓመቱን የከፈሉ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ተማሪዎቹ በሦስት ተመድበው፥ ሁለቱ ሲማሩ አንዱ በተራው ያርፍ ነበረ። ክፍሎቹ ባዶ አልዋሉም፤ ነገር ግን የየዕለቱ ሰዓት ቢረዝምም የልጁ የትምህርት ቀን ከ180 ወደ 163 ዝቅ አለ። ስለዚህ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2004 የወጣው የካሊፎርንያ ሕግ ይህ ልማድ እስከ 2012 እንዲቀር አዘዘ፤ ከተማይቱም ብዙ አዲስ ትምህርት ቤት ሠራች።

በአገር ቤት ያለው የቄስ ትምህርት ቤት ሌላ ምሳሌ ይሰጣል። ንባቡ በቀን ብርሃን፥ የቃሉ ትምህርት በሌሊት ይደረጋል፤ ታላቁም ታናሹን ያስቀጽላል። ሰዓቱ የተከፈለው እንደ ትምህርቱ ጠባይ ስለ ሆነ፥ ከመምህሩ ፊት ያልቀረበው ልጅ ሥራ አይፈታም።

እንግዲህ ፈረቃ ባለበት ስፍራ ተራውን ለሚጠብቀው ወገን ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት ይሁን፤ ታላላቆቹ ታናናሾቹን ያስጠኑ፤ የጧቱም ወገን ከቀትር በኋላው ወገን ጋራ በየጊዜው ይለዋወጥ። የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የጀመረው የቁርስና የምሳ ገበታም ልጁን ከግቢው ለማቈየት ይረዳል። የፈረቃ ጥቅም በመቀመጫ ብቻ ቢቈጠር ሒሳቡ ጐደሎ ነው። የሽሮ ሜዳው ልጅ ከክፍል ሲወጣ ወዴት ይሄዳል? ይህን ጥያቄ ወላጅም አስተዳዳሪም መስከረም ሳይጠባ ሊመልሱት ይገባል።