የእናትና የልጅ ደም

ባለፈው ክረምት የአንዱ ጓደኛችን እናት ታመው ከዘጌ በጀልባ ባሕር ዳር መጡ። ሐኪሙም ቀዶ ሕክምና ስለሚያስፈልጋቸው ደም ይዘጋጅ አለ። ልጃቸው ከሁላችን ቀድሞ እጅጌውን ሰበሰበ። ነገር ግን የደሙ ጠብታ በብርጭቆው ላይ ከመመርመሪያው ፈሳሽ ጋር ሲደባለቅ እንደ እርጎ ተቋጠረና «ቢ» መሆኑ ታወቀ፤ እናቱ «ኦ» ናቸው። ስለዚህ አልተፈቀደለትም። የሰጣቸው ከመካከላችን «ኦ» የሆነው፣ በዘርም በአገርም የማይዛመዳቸው የአርሲ ልጅ ነው።

እማማ ሲሻላቸው «የወለድሁት ልጅ ደም እንዴት ለእኔ ባዕድ ይሆናል?» ብለው ጠየቁን። ወንድማችንም አንድ ሌሊት መኝታ ቤት «ምናልባት የርሷ ልጅ ባልሆንስ?» አለን። ይህ አላስተኛንም፤ ቤተ መጻሕፍት ገባን።

ካርል ላንድስታይነር በ1901 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሳወቀው የደም ልዩነት ከስኳር የሚመጣ ነው። አጥንት ቆጣሪዎች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን? በቀይ የደም ሕዋስ ገጽ ላይ የስኳር ሰንሰለት ተተክሏል፤ በጫፉም አንድ ኢንዛይም የመጨረሻዋን ስኳር ይጨምራል። የ«ቢ» ኢንዛይም ጋላክቶስን፣ የ«ኤ» ደግሞ ከርሷ ተለቅ ያለችውን የጋላክቶስ ዘመድ ያኖራል። በ«ኦ» ሰው ኢንዛይሙ አይሠራምና ጫፉ ባዶ ነው፤ ሰውነቱም ሁለቱን ስኳሮች እንደ ጠላት ይዋጋል።

የኢንዛይሙ መልክ የታወቀው በ2002 በካናዳ ነው። ሊቃውንቱ ኢንዛይሙን አጥርተው፣ ማር በገንቦ ውስጥ ቆይቶ እንደሚረጋ፣ ቀስ በቀስ ክሪስታል እንዲሆን አደረጉት፤ ከዚያም ራጅ አሳለፉበት። የሆስፒታሉ ራጅ የአጥንት ጥላ ያሳያል፤ ይኸኛው ግን በረድፍ ከተደረደሩት ቅንጣቶች እየተበተነ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ከነጠብጣቡም የአተሞቹ ስፍራ በስሌት ይገኛል። ከ354ቱ አሚኖ አሲዶች «ኤ» እና «ቢ» የሚለያዩት በ4 ብቻ ነው። ከእነዚህም 266ኛውና 268ኛው ስኳሩ በሚገባበት ጎድጓዳ ስፍራ ተቀምጠዋል፤ በ«ቢ» ዘንድ ስፍራውን ስለሚያጠቡት ትልቁ ስኳር አይገባም። እናትን ከልጅ ደም የሚከለክለው ይህን የሚያህል ነገር ነው!

«ኦ» የሚመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በውርስ ጽሑፉ አንድ ፊደል ሲጎድል ነው። በክብራን ገብርኤል ብራና ላይ ጸሐፊው አንድ ፊደል ቢገድፍ አንባቢው አቃንቶ ያነበዋል። ሕዋስ ግን ሦስት ሦስት ፊደል እየቆጠረ ስለሚያነብ ከግድፈቱ በኋላ ያለው ሁሉ ይበላሽበታል።

ወንድማችን ከእናቱ የወረሰው ይህን የተገደፈ ጽሑፍ ነው፤ ከአባቱ ያገኘው «ቢ» ሸፈነው እንጂ እናቱስ በደሙ ውስጥ አሉ። ይህን ስንነግረው ብዙ ሳይናገር ወደ ሆስፒታሉ ሄደ፤ እኛም ተከተልነው።

እማማ ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጡና «እንግዲያ አባትህ ነዋ የከለከለኝ!» ብለው ሳቁ። «ነፍሱን ይማረውና፣ በሕይወት ሳለም መስጠት አይወድም ነበር።»