የሐኪሙ አንድ ዓመት

የሮታሪ ዓለም አቀፍ ፕሬዚዳንት ሥልጣኑ አንድ ዓመት ነው። በፈረንጆች ሐምሌ 1 ይረከባል፣ የራሱን መፈክር ያወጣል፣ አገር ላገር እየዞረ ንግግር ያደርጋል፣ ምሳ ይጋበዛል፤ ዓመቱ ሲሞላ ወንበሩን ለቀጣዩ ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ1984 ተራው የደረሳቸው ሜክሲኳዊው የአለርጂ ሐኪም ዶክተር ካርሎስ ካንሴኮም እንደ ደንቡ መፈክር አወጡ። መፈክሩን ዛሬ የሚያስታውሰው ብዙ ሰው አይመስለኝም።

ያ ዘመን ሌላ ነበር። ሮታሪ የወንዶች ማኅበር ነበር፤ ሴት በአባልነት የተፈቀደላት በ1989 ነው። ሙሉ ልብስ የለበሱ ነጋዴዎች፣ ጠበቆችና መሐንዲሶች በየሳምንቱ ማዕድ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። በእኛ አገር ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ልምሻ፣ ማለትም ፖሊዮ፣ መትቷቸው በእጃቸው እየዳሁ የሚለምኑትን ማየት የተለመደ ነበር። የእግዜር ሥራ ነው ብሎ የሚያልፈው ይበዛል።

ይህን በሽታ የማጥፋት ሐሳብ የካንሴኮ አልነበረም። በ1979 ሮታሪ ስድስት ሚሊዮን የፊሊፒንስ ሕፃናትን ለማስከተብ ተነሥቶ ነበር፤ አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሴቨርም ፖሊዮን ማጥፋት ይቻላል ብለው መክረዋል። ካንሴኮ ያደረጉት፣ የሌላውን ሐሳብ አንሥተው ማኅበሩን በሙሉ ማሰለፍ ነው። በ1985 «ፖሊዮ ፕላስ» ታወጀ፤ ቀነ ገደቡ ሮታሪ መቶ ዓመት የሚሞላው በ2005። የአንድ ዓመት ሹም የሃያ ዓመት ዕዳ ፈርሞ ወረደ!

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ሐኪም ለሙያው ቀናተኛ ነው። አልበርት ሳቢን የሠሩት ክትባት ደግሞ በአፍ የሚሰጥ ነው፤ ቅዝቃዜው ከተጠበቀ፣ ሁለት ጠብታ ሕፃን አፍ ውስጥ ለማንጠብጠብ ጥቂት ሥልጠና ያገኘ ነጋዴም ይበቃል። ካንሴኮ ለሐኪም ብቻ ሊሰጥ ይችል የነበረውን ሥራ ለምሳ ተጋባዦቹ አካፈሉ። 120 ሚሊዮን ዶላር ታቅዶ በ1988 247 ሚሊዮን ተሰበሰበ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ጉባኤ በሽታው ከምድር ገጽ ይጥፋ ሲል ወሰነ፤ ያኔ በየዓመቱ 350,000 ያህል ሕፃናት ሽባ ይሆኑ ነበር።

ዘመቻው እኛም ሰፈር ደረሰ። በረዶ የተሞላ ሳጥን በትከሻ ያነገቱ ልጆች በር ያንኳኳሉ፣ የተከተበውን ሕፃን ጣት ቀለም ይቀባሉ። «ባለፈው ተከትቦ የለ እንዴ?» የምትል እናት አትጠፋም፤ መልሱ ሁልጊዜ «ይደገም» ነው። ሳጥኑን የተሸከሙት በብዛት ሴቶች ነበሩ፤ በካንሴኮ ዓመት ግን የማኅበሩ ማዕድ ላይ ወንበር አልነበራቸውም። ከሲያትልም ኢትዮጵያዊው ዕዝራ ተሾመ አሜሪካውያን የሮታሪ አባላትን እያስከተለ ይመጣ ነበር።

2005 ደረሰ፤ ፖሊዮ አልጠፋም። ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ ቀን ባይቆረጥለት ነጋዴ ኪሱን አይፈታም። ካንሴኮ በ2009 ሲያርፉ የቫይረሱ ስርጭት ያልተቋረጠው በናይጄሪያ፣ በሕንድ፣ በፓኪስታንና በአፍጋኒስታን ነበር። ሕንድ ወጣች፤ በነሐሴ 2020 አፍሪካ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ ተባለች። ሁለቱ ጎረቤታሞች ቀርተዋል፤ ልጆች እዚያ ዛሬም ጣታቸውን ቀለም ይቀባሉ።