የታይሮይድ ክኒን፣ አጥንት እና የክሊኒክ በር

ዛሬ በጆሃንስበርግ፣ ጄፒ በሚባለው አካባቢ ባሉ የሀበሻ ሱቆች ሲወራ የዋለው «የታይሮይድ ክኒን አጥንት ይበላል» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ስላለበት፣ ሰውን መድኃኒቱን ከማስጣሉ በፊት ሊመረመር ይገባል።

በደቡብ አፍሪካ ፋርማሲዎች ኤልትሮክሲን በሚለው የንግድ ስሙ የሚታወቀው ሌቮታይሮክሲን፣ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ በበቂ መጠን ማመንጨት ያቃተውን ሆርሞን፣ ማለትም የሰውነትን የሥራ ፍጥነት የሚወስነውን ንጥረ ነገር፣ የሚተካ መድኃኒት ነው። አጥንት አሮጌው እየፈረሰ አዲሱ እየተተካ የሚኖር ሕያው አካል በመሆኑ፣ ይህ ሆርሞን ከልክ ሲያልፍ ዑደቱ ይፈጥንና ማፍረሱ መገንባቱን ይቀድመዋል፤ በተለይ ያረጡ ሴቶች በዚህ የተነሣ አጥንታቸው ሊሳሳና በቀላሉ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ የሚያሰጋው ክኒኑ ሳይሆን የመጠኑ መብዛት ነው። መብዛቱን የሚያሳውቀውም ቲ.ኤስ.ኤች. የተባለው ሆርሞን የደም ምርመራ ሲሆን፣ ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ የሚወጣው ይህ የታይሮይድ አዛዥ ሆርሞን መድኃኒቱ ሲበዛ ይወርዳል፤ በመሆኑም መጠን ከተለወጠ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ፣ ከተስተካከለ ወዲያም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መለካት አለበት።

ለመለካት ግን ክሊኒክ መግባት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ኦፕሬሽን ዱዱላ የተባለው ፀረ ስደተኛ ቡድን አባላት በጋውቴንግ የመንግሥት ክሊኒኮች በር ላይ ቆመው መታወቂያ እየጠየቁ የውጭ ዜጎችን ሲመልሱ ከረሙ፤ የ1996ቱ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የሰጠው የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት ግን ዜጋ ከስደተኛ ሳይለይ የማንኛውም ሰው ነው፤ የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በዚያው ዓመት በኖቬምበር ድርጊቱን ከልክሏል። ይህ በደል ከባድ ነው፤ ቁስል በሚታይበት ሰው ላይ ብቻ የተፈጸመም ሊመስለን አይገባም። ከበር ተመልሳ፣ ደሟ ሳይመረመር ያንኑ የቆየ መጠን ከዓመት ዓመት የምትውጥ እናት ዳሌዋ ቢሰበር፣ ክኒኑን መክሰስ ማንን ነጻ ያወጣል?

የታዘዘው መጠን በትክክል እንዲሠራም ክኒኑ በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድሞ ይወሰዳል፤ ቡናም መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም እንዳይዘልቅ ስለሚያውክ፣ የጠዋቱ ጀበና የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ጥቂት መታገሥ አለበት። ለአጥንቱ ሠግቶ ካልሲየም የጀመረ ሰው ደግሞ ሁለቱን አብሮ ሳይውጥ በመካከላቸው 4 ሰዓት ያሳልፍ፤ የብረት ክኒንም እንደዚሁ።