ካሮቱ ምን አጠፋ?

መቼም በዚህ ዘመን እንደ «ኬሚካል» ስሙ የጠፋ ቃል የለም። ቲማቲሙ ሳምንት ሙሉ ሳይበላሽ ከቆየ «ኬሚካል ነው»፤ ዶሮዋ ገና እሳቱን ሳታየው ከበሰለች «ኬሚካል ነው»፤ የጎረቤት ልጅ ጸጉር ከሳሳ «ኬሚካል ተቀብታ ነው»። በአንጻሩ «ተፈጥሯዊ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሁሉ ጻድቅ ነው፤ ማንም አይመረምረውም።

እኔ በበኩሌ የቆዳ ነገር ከሆነ ከተፈጥሮ ወገን ነኝ። ቤቴ ብትመጡ ለጸጉሬ ለጋ ቂቤ፣ ለገላዬ የሰሊጥ ዘይት፣ ለፊቴ ማር፣ መስኮቱ ላይ ደግሞ በቆርቆሮ የተተከለ እሬት ታገኛላችሁ። (ቂቤዬን ተቀብቼ ታክሲ ስገባ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው መስኮት ይከፍታል። ይክፈት፤ ምን አገባኝ!) ግን እዚህ ወገን የገባሁት «ኬሚካል ክፉ፣ ተፈጥሮ ደግ» ብዬ አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው።

የአክስቴ ልጅ ጠይም ናት። ዘፋኞቻችን ስንት ዘመን ያንቆለጳጰሱት ዓይነት ጠይም። ሠርጓ አራት ወር ሲቀረው አንዷ ጓደኛዋ «ቬሎ እኮ ቀላ ላለች ሴት ነው የሚያምረው» አለቻት። በሳምንቱ ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ይዛ መጣች። ስም የለው፣ የተሠራበት አገር የለው፣ የሚያበቃበት ቀን የለው። የሸጠችላት ሴት ከሦስት ከአራት ቱቦ ጨምቃ የቀላቀለችው ነው። «ምን ምን አለበት?» ብላት «ቅጠላ ቅጠል ነው፤ ተፈጥሯዊ ነው» አለችኝ።

የመጀመሪያው ወር ጉድ ነበር። ብጉሯ ጠፋ፣ ፊቷ ፈካ፣ ያያት ሁሉ «ምን ተቀብተሽ ነው?» ይላታል። በሁለተኛው ወር ጉንጯ ላይ ቀያይ የደም ሥሮች እንደ ክር ብቅ ብቅ አሉ። በሦስተኛው ቡና ለማፍላት ከሰል አጠገብ መቀመጥ አቃታት፤ ፊቴ ተቃጠለ እያለች ትነሣለች። መቀባቱን ስታቆም ደግሞ ፊቷ ያብጣል፣ ያሳክካታል፤ ስለዚህ ተመልሳ ትቀባለች። ፊቷ ቀይ፣ የጣቷ መገጣጠሚያ ግን ጠይም እንደሆነ ቀረ። አክስቴ ቡዳ ነው ብላ ጠበል ልትወስዳት ተነሥታ ነበር።

ያኔ ነው እኔም የመዋቢያ ሱቅ መዞር የጀመርኩት። አንዱ ጋ ገባሁና የሚያቀላ ቅባት ጠየቅሁ። ልጁ «የኔ እናት፣ ይሄ ነው የሚሻልሽ፤ መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ብሎ ካሮት የተሣለበት ቱቦ ሰጠኝ።

«ምኑ ነው የሚያቀላው?» አልኩት።

«ካሮቱ ነዋ!»

ካሮት ሰው ሲያቀላ አይቼ አላውቅም። አብዝቶ የበላ ሰው መዳፉ ቢጫ እንደሚል አውቃለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ውለታ ግን የለውም። ቱቦውን ገልብጬ በጉንዳን ፊደል የተጻፈውን ማንበብ ጀመርኩ። ከካሮት ዘይቱ ቀጥሎ «ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት 0.05%» ይላል። ይህ ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት ነው፤ ያውም ከሚቀቡ ስቴሮይዶች ሁሉ እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት ወገን። ለከባድ የቆዳ በሽታ ሲታዘዝ እንኳ በተከታታይ ከሁለት ሳምንት እንዳያልፍ ይመከራል፤ ፊት ላይማ ጭራሽ አይመከርም። የእኛዋ ሙሽራ ጧትና ማታ ሦስት ወር!

ስቴሮይድ መጀመሪያ ላይ ተአምር የሚሠራው ቁጣን ስለሚያበርድ ነው። ብጉሩም መቅላቱም ለጊዜው ዝም ይላል፤ ቀለሙም ይነጣል። ቆይቶ ግን ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ሸንተረር ያወጣል። ሰውነት ከለመደው በኋላ ሲቋረጥበት ይበቀላል። ሃይድሮኪኖን የሚባለው ሌላው ደግሞ ቀለም የሚሠራውን የቆዳ ሥራ ያግዳል። ማዲያት ላለበት ሰው ሐኪም ለተወሰነ ጊዜ ያዘዋል፤ ያለ ልክ ለዓመታት ከተቀቡት ግን ሊለቅ የማይችል ጥቁር ሰማያዊ ጠባሳ ትቶ ይሄዳል። ሊቀሉ ገብተው መጥቆር ማለት ይሄ ነው። ደቡብ አፍሪካ ብዙ ሴቶች እንዲህ ከተበላሹ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990 ከመዋቢያዎች ውስጥ ከለከለችው።

ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው፤ በጥንት ስሙ ባዘቃ። በቆዳ አልፎ ኩላሊት ይጎዳል። የተቀባችው ብቻ ሳትሆን ፎጣዋን የተጋራ፣ ጉንጯን የሳመ ሕፃን ሁሉ ይደርሰዋል። በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት ባዘቃ የገባባቸው የሚያቀሉ ቅባቶች ከ2020 በኋላ እንዳይመረቱ ደንግጓል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ባዘቃ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ነው። ከዚያ በላይ ተፈጥሯዊ ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ ነው ከተፈጥሮ ወገኖቼ ጋር የምንጣላው። ሎሚን እንውሰድ። «ፊትሽን ሎሚ እሺው» የማይል ዘመድ የለም። የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ከነካው እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ውኃ ይቋጥራል፤ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው አዲስ አበባ፣ በዚህ ፀሐይ! ኩልም እንዲሁ ነው። ኩል ተብሎ ከሚሸጠው አንዳንዱ ድንጋይ እርሳስ ያለበት ነው፤ አሜሪካኖች በመዋቢያ ቀለምነት አይፈቅዱትም። እሬቱም ቢሆን ቅጠሉ ሲቆረጥ የሚወርደው ቢጫ ፈሳሽ ቆዳ ያሳክካል። እኔ ቅጠሉን ዘቅዝቄ ፈሳሹ ካለቀ በኋላ ነው ልጣጩን ገፍፌ ውስጡን የምጠቀመው።

ቫዝሊን በተቃራኒው ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ነው። ቼዝብሮ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1872 ፓተንት ያወጣበት ይህ ነገር «ኬሚካል» ከተባለ ከእሱ በላይ ኬሚካል የለም። ግን የሁላችንም እናት ትምህርት ቤት ከመሄዳችን በፊት ፊታችንን ስታብረቀርቅበት ኖራለች፤ ምን ሆንን? በደንብ የተጣራው ቫዝሊን የሚሠራው ቂቤም የሚሠራውን ነው፤ የቆዳ ውኃ እንዳይተን ይከድናል። ስለዚህ እናቴ ዛሬም ቫዝሊን ስትቀባ ነገር አልፈልጋትም።

ታዲያ ለምን ቂቤ ትላላችሁ? ቂቤዬን የማመጣው ከማውቃት ሴትዮ ነው። ውስጡ ወተት እንጂ ሌላ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ሙዝ ከደባለቀችበትም ሽታው ይነግረኛል። ማሩን እቀምሰዋለሁ። እሬቱን እኔው ነኝ ውኃ የማጠጣው። ያ የፕላስቲክ ዕቃ ግን ምን እንደያዘ ሻጯም አታውቅ፣ ገዢዋም አታውቅ። በዚያ ላይ ቂቤና ማር ጠይም ነሽና ተለወጪ አይሉኝም። ቆዳዬን ያለሰልሱታል፤ ጠይምነቴን ግን እንዳለ ይተዉልኛል። የወሎ ሴቶች ወይባ ጢስ ሲገቡ በርኖስ ወይም ጋቢ ተከናንበው ሲታጠኑ አይታችሁ እንደሆነ፣ የሚወጡት ሌላ ሰው ሆነው አይደለም። ራሳቸው ናቸው፤ ወዛቸው ነው የሚወጣው። ወዝ! ይህን ቃል ከቅባት ሱቆቹ መደርደሪያ ላይ ፈልጌ አጣሁት። የተደረደረው ሁሉ «ነጭ» እና «ብሩህ» ነው።

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ በአንድ ጊዜ እንዳታቆመው፣ ቀስ በቀስ በቀላል መድኃኒት እየተካች እንድትወርድ አዘዘቻት። ማርም እሬትም ለጊዜው ፊቷ አጠገብ እንዳይደርሱ ተባለ፤ የቆሰለ ቆዳ ምንም አይችልምና። ሽታ የሌለው ተራ ቅባትና የፀሐይ መከላከያ ብቻ፤ ሁለቱም ከፋርማሲ፣ ሁለቱም «ኬሚካል»። እኔም ሐኪሟ ያለችውን አድርጊ አልኳት። ሠርጉ በሁለት ወር ተላለፈ። ሙሽራው ምክንያቱን ሲሰማ «እኔ እኮ ጠይሟን ነው ያጨሁት» ብሎ አኮረፈ።

ፎቶውን ሳየው ጉንጯ ላይ ያሉት ክሮች በሜካፕ ሥር ይታዩኛል፤ ሌላ ሰው ግን አያያቸውም። ጠይምነቷ ቀስ እያለ ተመልሷል። ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ።

«ስሚ፣ አሁን ድኛለሁ፤ እርድ በማር ብቀባ ምን ይላል?»

«ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ሞክሪው።»

ትንሽ ዝም አለችና «ያቀላል እንዴ?» አለችኝ።

«ቢጫ ያደርጋል፤ የትራስ ልብስሽንም ጭምር» አልኳት።