ንጹሕ ጁስ ሁሉ ጤናማ ጁስ አይደለም

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ጁስ የሚነሳን ክርክር ሁሉ የሚዘጋ አንድ አባባል አለ፦ «ቤት የተሠራ ነው»። ይህ ከተባለ በኋላ ማንም ጥያቄ አያነሳም። ለሕፃን ይሰጣል፣ ለነፍሰ ጡር ይሰጣል፣ ለታመመ ዘመድም በሃይላንድ ተሞልቶ ሆስፒታል ድረስ ይወሰዳል። ቤት የተሠራ ነውና ምን ችግር አለው?

ልደታ ይህን ለማየት ጥሩ ሰፈር ነው። ከኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ባሉ ሱቆች ፍራፍሬ ይሸጣል፣ ጁስ ይጠጣል። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው ባለጉዳይ ምሳውን በአንድ ብርጭቆ ስፕሪስ አሳልፎ ይመለሳል። ጥቁር አንበሳም ባልቻም በዚሁ ክፍለ ከተማ ስለሚገኙ በጠያቂ ሰዓት ብርቱካንና ጁስ ያንጠለጠለ ሰው ከመንገዱ አይጠፋም። ፎቅ ላይ ደግሞ የጁስ መፍጫ ያልገባበት ቤት እየቀነሰ ነው። ድሮ ጁስ ወጥተው የሚጠጡት ነገር ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ከሻይ ጋር የሚቀርብበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ታዲያ በቤት የሚፈጭ ጁስ ለጤና ይበጃል ወይስ አይበጅም? መልሱ ያለው «ጤናማ» የምትለዋ ቃል ውስጥ ነው። የከተማው ሰው ስለ ጁስ ሲያወራ ጤናማ የሚለው ንጹሑን ነው። የሚፈራው አሜባ ነው፣ ታይፎይድ ነው፣ ከየት ውሃ እንደተሠራ የማይታወቀው በረዶ ነው፣ ከደንበኛ ደንበኛ ሳይታጠብ የሚሽከረከረው መፍጫ ነው። ስለዚህ አንዲት እናት «ልጆቼ ውጭ እንዳይጠጡ፣ እኔው ቤት እሠራላቸዋለሁ» ስትል የምትከላከለው ተሕዋስያንን ነው። ይህ ፍርሃት መሠረት አለው። ጁስ በእሳት የማያልፍ ምግብ ነው፤ በፍሬው ልጣጭ ላይ፣ በቢላዋው ላይ፣ በእጅ ላይ የነበረው ሁሉ ብርጭቆው ውስጥ ይገባል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ ንጽሕናው ቤትም ቢሆን ራሱን በራሱ አይጠብቅም። ከበርሜል የተቀዳ ውሃ ሳይፈላ ወይም ሳይጣራ ከተጨመረበት፣ ማንጎው ሳይታጠብ ከተላጠ፣ የመፍጫው ምላጭ ሥር የትናንቱ ቅሪት ካለ፣ ቤት የተሠራውም ሆድ ያማል። ያም ሆኖ ጠንቃቃ ቤት ይህን ፈተና ያልፋል፤ በዚህ በኩል እናትየዋ ትክክል ናት።

ችግሩ ሰውነት ሌላም ጥያቄ መጠየቁ ነው። ጉበትና ቆሽት ብርጭቆው የት እንደተሞላ አያውቁም፤ የሚያውቁት ስንት ስኳር እንደገባና በምን ፍጥነት እንደገባ ብቻ ነው። በዚህ ጥያቄ ላይ «ቤት የተሠራ ነው» የሚለው መልስ ምንም አይናገርም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። መቶ ግራም የበሰለ ማንጎ 14 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ሙዝ 12፣ ብርቱካን 9፣ ፓፓያ 8 ግራም ያህል ይይዛሉ። አንድ ደህና ማንጎ ተልጦ 200 ግራም ቢወጣውና አንድ ሙዝ ቢታከልበት፣ ማሰሮው ገና ስኳር ሳይነካው 40 ግራም ደርሷል። «ትንሽ ይጣፍጥ» ተብሎ ሦስት የሻይ ማንኪያ ሲጨመር 52 ግራም ይሆናል። በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ የሚሸጥ ለስላሳ መጠጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ልጇን ከለስላሳ ለማዳን መፍጫ የገዛች እናት፣ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ከለስላሳው የበለጠ ስኳር ልትሰጥ ትችላለች ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትክክለኛ ተቃውሞ ይነሳል፦ የፍራፍሬ ስኳር ከፋብሪካ ስኳር ጋር እኩል ነው እንዴ? ፍሬው ሳይፈጭ ቢበላ እኩል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ እንዲቀነስ የመከረው «ነጻ ስኳር» የተባለውን ነው፤ ይህም ሰው በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨምረውን፣ ማርን፣ ሽሮፕንና በፍራፍሬ ጭማቂ ውስጥ ያለውን ይጨምራል። በሙሉ ፍሬ ውስጥ ያለውን ግን አይጨምርም። ልኩም ከቀኑ ጉልበት ሰጪ ምግብ ከ10 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ነው፤ የኋለኛው ለአንድ አዋቂ 25 ግራም ገደማ፣ ማለትም ስድስት የሻይ ማንኪያ ነው። የእንግሊዝ የጤና ተቋማት ደግሞ ተፈጭቶ የሚጠጣውንም ከዚሁ ይመድቡታል፤ ጭማቂም ሆነ የተፈጨ ፍራፍሬ በጠቅላላው በቀን ከ150 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ይመክራሉ። ይህ ከትንሽ የውሃ ብርጭቆ አይበልጥም። የጁስ ቤቱ ትልቅ ብርጭቆ ከዚህ እጥፍ በላይ ነው።

ያው ፍሬ ሲፈጭ ምን ይለወጣል? እ.ኤ.አ. በ1977 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ትንሽ ጥናት አሁንም ይጠቀሳል። አሥር ሰዎች ፖምን በሦስት ዓይነት ወሰዱት፦ ሳይፈጭ፣ ተፈጭቶና ተጣርቶ። የተጣራው ጭማቂ ሳይፈጭ ከተበላው በአሥራ አንድ እጥፍ ፍጥነት አለቀ። ሰዎቹ በእኩል ፍጥነት እንዲወስዱ ሲደረግም ጭማቂው ከተፈጨው ያነሰ፣ የተፈጨው ደግሞ ሳይፈጭ ከተበላው ያነሰ አጠገባቸው። ኢንሱሊናቸውም ጭማቂውንና የተፈጨውን ሲወስዱ ይበልጥ ከፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ያወጣው፣ ከ187 ሺህ በላይ አሜሪካውያን የጤና ባለሙያዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ደግሞ በተመሳሳይ አቅጣጫ ይጠቁማል። ሙሉ ፍራፍሬ፣ በተለይም ወይንና ፖምን የመሳሰሉትን የሚያዘወትሩ ሰዎች በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ ሲሆን፣ ጭማቂ የሚያዘወትሩት ግን ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል።

ነገር ግን የአዲስ አበባ ጁስ ጭማቂ አይደለም። ይህ ከውጭ የመጣ ምክር እንዳለ ሲገለበጥ የሚዘነጋ ነጥብ ነው። በሌላው ዓለም ጁስ ሲባል የተጣራ ቀጭን ፈሳሽ ነው፤ እዚህ ግን ወፍራም ነው፣ በማንኪያ ይበላል፣ ፍሬው እንዳለ በውስጡ አለ። ቃጫው ተፈጨ እንጂ አልተጣለም። እንዲያውም በእንግሊዝ አገር ፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ የተደረጉና ጥቂት ሰዎችን ያሳተፉ ጥናቶች፣ ከነዘራቸው የተፈጩ ፍራፍሬዎች የደም ስኳርን ከተጠበቀው ያነሰ ከፍ እንዳደረጉ አሳይተዋል። ስለዚህ መፍጫውን ብቻውን መወንጀል ተገቢ አይሆንም። ፍሬውን ፈጭቶ በወንፊት ማጥለል ግን በገዛ እጅ ጥሩውን ጥሎ ስኳሩን ማስቀረት ነው።

ስለ አቮካዶ ደግሞ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። ከይርጋለምና ከአካባቢው የሚመጣው አቮካዶ በመቶ ግራም አንድ ግራም የሚሞላ ስኳር እንኳ የለውም፤ ቃጫው ግን ወደ ሰባት ግራም ይጠጋል፣ ቅባቱም ሆድ ይይዛል። በጾም ወራት ብዙ ሰው አንድ ብርጭቆ አቮካዶ ጠጥቶ እስከ ማታ የሚቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጁስ ዓይነቶች ሁሉ ለስኳር ታማሚ እንኳ የሚቀርበው ይህ ነበር። ሆኖም አብዝቶ ስኳር የሚጨመርበትም እሱ ነው። ራሱ የማይጣፍጥ በመሆኑ ሦስት አራት ማንኪያ ይፈስበታል፣ ከላይ ቀይ ሽሮፕ ይንጠባጠብበታል። ተፈጥሮ ስኳር ያልሰጠችውን ፍሬ ሰው በእጁ ለስላሳ መጠጥ ያደርገዋል። በሸማቾች ማኅበር ሱቅ ስኳር መጣ ሲባል ከማለዳ ጀምሮ የተሰለፈ ቤተሰብ፣ ያን በስንት ልፋት ያገኘውን ስኳር ስኳር በማያስፈልገው ነገር ላይ ሲያፈሰው ማየት ይገርማል።

ጉዳዩ ከጣዕም ያለፈ የሚሆነው ቤት ውስጥ ሕመምተኛ ሲኖር ነው። ስኳር ያለባት እናት ለስላሳ መጠጥ ካቆመች ዓመታት አልፈዋል፤ ሻይዋንም ያለ ስኳር ትጠጣለች። ልጇ ግን ከሥራ ስትመለስ ማንጎና ሙዝ ፈጭታ ታቀርብላታለች። «እማዬ፣ አይዞሽ ጠጪ፤ ስኳር አልጨመርኩበትም፤ በእጄ ነው የፈጨሁልሽ» ትላታለች። እናትም የልጇን ፍቅር እንዴት ትመልስ? ሁለቱም አልዋሹም፣ ሁለቱም ክፉ አላሰቡም። 40 ግራሙ ግን ገብቷል። ሳምንት ቆይቶ የደም ምርመራው ከፍ ብሎ ሲገኝ ቤተሰቡ የሚጠይቀው እንጀራውን ነው፣ ዳቦውን ነው፣ መድኃኒቱን ነው። ጁሱን የሚጠረጥር የለም፤ ቤት የተሠራ ነዋ!

የጭማቂን ኃይል ለሚጠራጠር ሰው ራሱ ሕክምናው ማስረጃ አለው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ድንገት ሲወርድበትና ላብ ሲያጠምቀው፣ በአፉ መዋጥ እስከቻለ ድረስ ከመጀመሪያ እርዳታዎቹ አንዱ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስኳሩ እንደገና ይለካል። ጭማቂ ለዚህ የተመረጠው የደምን ስኳር በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያነሳ ነው። ለወደቀው ሰው መድኃኒት የሚሆነው ይህ ፍጥነት፣ ስኳሩ ቀድሞውንም ከፍ ላለበት ሰው በየቀኑ ሲቀርብ ሸክም ይሆናል።

ለኩላሊት ሕመምተኛ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። ሙዝ፣ አቮካዶና ብርቱካን ፖታሲየም የበዛባቸው ናቸው። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን ያስወጣዋል፤ የደከመ ኩላሊት ግን አይችልም፣ የተጠራቀመው ፖታሲየምም የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች ለእነዚህ ሕመምተኞች የፍራፍሬውን ዓይነትና መጠን ይወስናሉ። ለጠያቂነት ጁስ ይዞ ወደ ሆስፒታል ከመሄድ በፊት አስታማሚውን «ምን ተፈቅዶለታል?» ብሎ መጠየቅ ከጁሱ የሚበልጥ ስጦታ ነው።

ልጆችም አሉ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ምክር ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጭማቂ እንዳይሰጥ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላለው በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ፣ በጡጦም ተይዞ ቀኑን ሙሉ እንዳይጠባ አሳስቧል። የጥርስ ነገር ስላለበት ነው፤ ስኳሩና አሲዱ ጥርስ ላይ በቆዩ ቁጥር ጉዳቱ ይጨምራል። ሌላም አለ። ማንጎን ሁልጊዜ በብርጭቆ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ልጦ መብላት፣ ማኘክ፣ በቃኝ ማለት አይለምድም።

ይህ ሁሉ ተብሎ «እንግዲያው ጁስ ይቅር» ማለት ግን ሌላ ስሕተት ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው ብሔራዊ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት፣ ከመቶ አዋቂዎች ከ97 በላይ የሚሆኑት በቀን የሚመከረውን ያህል አትክልትና ፍራፍሬ እንደማይበሉ አሳይቷል። የአገሩ ችግር ፍራፍሬ መብዛቱ ሳይሆን ማነሱ ነው። ፍሬ ለማኘክ ጥርስ ለሌላቸው አረጋዊ፣ ምግብ ለሚያስጠላው በሽተኛ፣ ክብደት መጨመር ላለበት ሰው ወፍራም ጁስ ትልቅ እርዳታ ነው። በዚህ የኑሮ ውድነት ግን መፍጫው ሌላም ነገር ይደብቃል። ለአንድ ሰው ብርጭቆ የሚገቡት ሁለት ማንጎና አንድ ሙዝ ተቆራርጠው በሳህን ቢቀርቡ ለሦስት ልጆች ይበቃሉ። በብርጭቆ ሲሆኑ አንዱ በሁለት ደቂቃ ይጨርሳቸዋል፣ ከዚያም ምሳ ይጠይቃል።

ቤት ከጁስ ቤቱ የሚበልጥበት እውነተኛ ነገር እዚህ ላይ ነው። ጁስ ቤት ደንበኛው እንዲመለስ ጣፋጭ ማድረግ አለበት፤ ቤት ግን ማንንም መሳብ አይጠበቅበትም። ብርጭቆውን ማሳነስ ይቻላል። ማንጎውን ወይም ሙዙን ቀንሶ አቮካዶውን ማብዛት፣ በስኳር ፈንታ ሎሚ መጭመቅ፣ አለማጥለል፣ በማንኪያ ቀስ ብሎ መብላት፣ በየቀኑ ሳይሆን አልፎ አልፎ ማድረግ ይቻላል። ምላስ የለመደውን በአንድ ቀን አይተውም፤ ሦስት ማንኪያ የነበረውን በዚህ ሳምንት ሁለት፣ በሚቀጥለው አንድ ማድረግ ግን የማንም አቅም ነው። ስኳር ያለባት እናትም ከፍሬ ጨርሶ መከልከል የለባትም። ከምግብ ጋር የተቆረጠች ጥቂት ፓፓያ ወይም ግማሽ ብርቱካን፣ ሐኪሟ በፈቀደው ልክ፣ ከሞላ ብርጭቆ ማንጎ ይሻላታል። ለእሷ የሚቀርበው ፍቅር በመፍጫ ካላለፈ አይቀንስም። ቢላዋና ሳህን ይበቃዋል።